ሞራ ውስጥ የተተከለች ጣፊያ

መጋረጃ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሽንሽን» ነው የሚላት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ በዚያ ስም የሚጠራት ግን የባንክ ሠራተኛና የተቆጣ ባል ብቻ ነው። «ሽንሽን» የተባለችው በሥራዋ ነው። ጨርቅ እጇ ከገባ ሳትሸነሽነው አትለቀውም። በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል አንድ በአንድ እየመዘዘች፣ እጥፉን በጣቷ ቆንጠጥ እያደረገች ስትሰካ ያያት ሰው፣ ጨርቁ ራሱ የት መታጠፍ እንደሚፈልግ በጆሮዋ የሚነግራት ነው የሚመስለው።

ሥራዋ ቤት ለቤት ነው። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ትሄዳለች፣ መስኮቱን ትለካለች፣ ቤቷ ተመልሳ ትሰፋለች። ሰፍታ ስትጨርስ ደግሞ ራሷ ተሸክማ ወስዳ ትሰቅላለች። መስቀሉን ለማንም አትሰጥም። «ሌላ ሰው የሰቀለው መጋረጃ አንድ እግሩ ያጠረ ሱሪ ነው የሚመስለው» ትላለች።

ባሏ በዚህ ሲስቅባት ነው የኖረው። እሱ ጎሚስታ ነው፤ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር፣ አስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ጎማ ይነፋል፣ ጎማ ይለጥፋል። ድምፁ ጎላ ያለ፣ ቀልድ የማይጠፋበት፣ ነገር ቀለል የሚለው ሰው ነው። ነገር የሚከብዳትስ ታላቅ እህቷ ናት። ሽንሽን «እትዬ» ስትላት ሰምቶ ጎረቤቱም እትዬ ነው የሚላት። እዚያው ሕንፃ ላይ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ ትኖራለች፣ ምድር ቤቱ ላይ የልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ቤት አላት። ሰው ባነጠሰ ቁጥር የምትደነግጥ ሴት ናት።

ድንጋጤዋን ግን ከሜዳ አላመጣችውም። ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ወንድም ነበራቸው። የሁለቱም ታናሽ፣ ጥርሱ የማይከደን ሳቂታ ልጅ ነበር። ገና ጢሙ ሳይጠነክር ከሞተር ሳይክል ወድቆ ጣፊያው ተቀደደ። ሐኪሞቹ ሆዱን ከፍተው ጣፊያውን አወጡለት፤ ዳነ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። «ያለ ጣፊያም ይኖራል» ተባለ፤ እውነትም ሲኖር ቆየ። ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ራሱን አመመው፣ አተኮሰው፣ «ጉንፋን ነው» ብሎ ጋደም አለ። ወደ ማታ ላይ እህቶቹን መለየት አቃተው። በማግስቱ ቀበሩት።

ጉዳዩ ምን እንደነበር የገባቸው ኋላ ነው። ጣፊያ የደም ማጥለያ ናት፤ በደም ውስጥ የሚዞረውን ጀርም እየያዘች የምታስቀር፣ ለሰውነት ዘብ የምትቆም። እሷ ከወጣች ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ክፉ ጀርም ደም ውስጥ ሲገባ ከልካይ ያጣል፣ ቀንም አይሰጥም። ለዚህ ክትባት አለው፤ ትኩሳት ገና ብቅ ሲል ቶሎ የሚወሰድ መድኃኒትም አለው። ለወንድማቸው ግን ያን ጊዜ ይህን የነገረው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጣፊያ የሚለው ቃል ከቤታቸው ጠፋ። ሽንሽን ሥጋ ስትገዛ እንኳ ሻጩ «ጣፊያም ልጨምርልሽ?» ካላት ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ታልፋለች።

እንግዲህ ሽንሽንም አንድ ቀን ከመሰላል ወደቀች፤ የወደቀችው አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቤት ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ አሮጌ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ ሰፊ መስኮት አለ። ሽንሽን ከባድ ጥቁር አረንጓዴ ቬልቬት ሰፍታ አምጥታ፣ መሰላል ላይ ወጥታ ቀለበቱን በዘንጉ እያሳለፈች ነበር። የመሰላሉ አንድ እግር ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ነበርና ተንሸራተተ። ከነቬልቬቷ ወረደች። ወለሉ ላይ ከማረፏ በፊት ግራ ጎኗ የእንጨት ወንበር መደገፊያ ላይ አረፈ።

«ወይኔ ልጄ! ተሰበርሽ?» መምህርቷ መነጽራቸውን ወርውረው ተነሡ።

ሽንሽን ወለሉ ላይ እንዳለች ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ «ኧረ ምንም አልሆንኩም» አለች። «ጨርቁ አልተቀደደም?»

ጨርቁ አልተቀደደም። እሷም ተነሥታ፣ ጎኗን በመዳፏ ደገፍ አድርጋ፣ መምህርቷ እየተቆጧት መሰላሉ ላይ ተመልሳ ወጣች። የጀመረችውን ሰቅላ ጨረሰች። ግትርነቷ የታወቀ ነው። መምህርቷ ሻይ አፍልተው አመጡ። ሽንሽን ብርጭቆውን ስታነሣ ግራ ትከሻዋን ወጋት።

«የሚገርም ነው» አለች። «የተመታሁት ጎኔን ነው፤ ትከሻዬ ምን ቤት ነው?»

መምህርቷ መለስ ብለው አዩዋት። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሙቀት አልነበረም።

«ተነሺ፤ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው።»

«ኧረ እማማ፣ አውቶቡስ ይዤ ቤቴ ገብቼ አረፍ ብል ይተወኛል።»

«ስሚ ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሰው አሞት አላመመኝም ሲል አውቃለሁ። ፊትሽ ኖራ መስሏል። ተነሺ ብያለሁ!»

ለመነሣት ስትሞክር ቤቱ ዞረባት። መምህርቷ ጎረቤት ጠርተው፣ ታክሲ አስቁመው፣ በነጠላ ጫማቸው እንዳሉ አብረዋት ገቡ። ኋላ ሐኪሞቹ እንዳሉት፣ ሽንሽን የዚያን ቀን አውቶቡስ ይዛ ቢሆን ኖሮ በሕይወት አትወርድም ነበር።

ባሏ ሐኪም ቤት የደረሰው እጁ ጥላሸት እንደሆነ ነው። እትዬ ተከትላ መጣች፤ ከሱቋ የወጣችበትን ሽርጥ አላወለቀችም። ሽንሽን ባለጎማ አልጋ ላይ ተንጋልላ ሁለት እጇ ላይ መርፌ ገብቶ ደም ይሰጣታል። በአልትራሳውንድ አይተዋት ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ወጣ፤ ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው።

«ጣፊያቸው ተቀዷል» አላቸው። «ሆዳቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው፤ ትከሻቸውን የወጋቸውም እሱ ነው። ከፍተን ማቆም አለብን፤ ጊዜ የለንም።»

ጣፊያ የሚለው ቃል ሲወጣ እትዬ ግድግዳውን ያዘች።

«አይሆንም! አታወጡባትም። ወንድማችንን የበላን እሱ ነው። ዶክተር፣ እግርህ ላይ ልውደቅ፣ አታውጣባት!»

«እትዬ፣ ደሟ እየፈሰሰ ነው እኮ!» አለ ባሏ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ ያ ጎላ ያለ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

ቀዶ ሐኪሙ መሄድ ጀምሮ ነበር፤ ቆመ። «ወንድማችሁ ምን ሆኖ ነው?» ሲል ጠየቀ። እትዬ በሁለት ሦስት ቃል ነገረችው። ጣፊያው ወጣ፣ ዳነ፣ ኋላ አተኮሰው፣ በአንድ ቀን ሄደ።

«ገባኝ» አለ ሐኪሙ። ወደ አልጋው ጠጋ ብሎ ሽንሽንም እንድትሰማው አድርጎ ተናገረ። «መጀመሪያ ልሰፋው እሞክራለሁ። የሚሰፋ ከሆነ እዚያው ይቀራል። ተሰባብሮ ካገኘሁት ግን ከማውጣት ሌላ ምርጫ የለኝም፤ አለዚያ ደሙ አይቆምም። ቢወጣም ሁሉንም አልጥለውም። ሆዳችን ውስጥ አንጀታችንን እንደ ሽርጥ የሚሸፍን ሞራ አለ፤ ደም ሥር የበዛበት ነው። ከጣፊያዎ ደህና ደህናውን ስስ አድርጌ ቆርጬ፣ ሞራው ውስጥ ኪስ አበጅቼ እዚያ እተክለዋለሁ። ከራስዎ ለራስዎ ስለሆነ ሰውነትዎ ባዳ ነው ብሎ አይገፋውም። ከቀናን ደም ሥር ያበቅልና ነፍስ ይዘራል።»

«ይይዛል?» አለች እትዬ።

«ብዙ ጊዜ ይይዛል። እንደ ዋናው ሙሉ ዘብ ይሆናል ብዬ ግን አልምልልዎትም። ክትባቱም ጥንቃቄውም አይቀርም። ሌላም ነገር ልንገራችሁ፦ አንጀት ተቀዶ ካገኘሁ አላደርገውም፤ በተበከለ ሆድ ውስጥ አይተከልም።»

ሽንሽን ዓይኗን ገለጠች። «ዶክተር» አለች፤ ሁሉም ጎንበስ አሉላት። «ኪሱን… ድርብ ስፌት ያድርጉት።»

ሐኪሙ ሳይወድ ሳቀ። «እሺ፣ ድርብ ይሆናል» አለና አልጋውን ራሱ መግፋት ጀመረ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር የፕላስቲክ ነው፤ ሰው ሲነሣና ሲቀመጥ ሁሉም ይነቃነቃል። መምህርቷ ወደ ቤትዎ ይሂዱ ቢባሉ እምቢ አሉ። «ከእኔ ቤት ነው የወጣችው፣ ሳላያት አልሄድም» ብለው እግራቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ጎሚስታው እጁን ታጠብ ቢሉትም አልሰማም፤ መዳፉን እያገላበጠ ጥላሸቱን ያያል። ቀልድ አልወጣውም። እትዬን ከሁሉ ይልቅ ያስፈራት ይህ ነበር፤ አባቱን ቀብሮ ሲመለስ እንኳ መንገድ ላይ የቀለደ ሰው ነው።

በሩ ሲከፈት ሦስቱም ባንድ ጊዜ ተነሡ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ተንጋለለ።

ሐኪሙ ኮፍያውን እያወለቀ ነበር። «ደህና ናቸው» አለ፤ እሱን አስቀደመ። «ጣፊያው ለስፌት አልመቸኝም፤ ተሰንጥቆ ተሰነጣጥቆ ነው ያገኘሁት፣ አውጥቼዋለሁ። አንጀታቸው ግን አልተነካም። ስለዚህ እንዳልኳችሁ አድርጌያለሁ። ደህናው ክፍል ተቆርጦ ሞራው ውስጥ ገብቷል።»

«በድርብ ስፌት?» አለ ጎሚስታው።

«በድርብ።»

ያኔ ነው ሰውዬው ፊቱን በጥላሸታም መዳፉ ሸፍኖ የተንሰቀሰቀው። ሲጨርስ ፊቱ ዥንጉርጉር ሆነ፤ መምህርቷ መሐረባቸውን አውጥተው እንደ ተማሪ ልጅ አባበሱት።

ሽንሽን በማግስቱ በደንብ ስትነቃ ሦስቱም አልጋዋ ዙሪያ ነበሩ። ዓይኗን አዟዙራ መምህርቷ ላይ አቆመች።

«እማማ፣ መጋረጃው እንዴት ነው?»

መምህርቷ ውሸት አይወዱም። «ግራው ትንሽ ከፍ ብሏል» አሉ።

ጎሚስታው በሳቅ ፈነዳ። «አንድ እግሩ ያጠረ ሱሪ!» አለ። ሽንሽንም ሳቋ መጣ፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ «ኧረ አታስቁኝ፣ ስፌቱ ይተረተራል!» እያለች እንባዋ ወረደ። ነርሷ መጥታ አስወጣቻቸው።

ከሐኪም ቤት ከመውጣቷ በፊት ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳት። የተተከለው ነገር መጀመሪያ የሞተ ይመስላል፤ ጠውልጎ ይቆያል። ከዚያ ከሞራው ትንንሽ ደም ሥሮች ወደ ውስጡ ይገባሉ፣ ቀስ በቀስ ያንሰራራል። ይህ ወራት ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ጣፊያ እንደሌላት ሰው ትቆጠራለች። ስፌቷ ጠገግ ሲል ክትባቶቹን ትወስዳለች። ለትኩሳት የሚሆነው መድኃኒት ከቦርሳዋ አይለይም። ካተኮሳት መድኃኒቱን ውጣ ወዲያው ትመጣለች፤ «እስኪ እስከ ነገ ልየው» የሚባል ነገር የለም።

«ማደጉን በምን እናውቃለን?» አለች ሽንሽን።

«ደምዎ ይነግረናል» አላት። «ቀይ የደም ሴል ሲያድግ ውስጡ የሚቀር ትርፍራፊ አለ። ያን እየለቀመች የምታጠራው ጣፊያ ናት። እሷ ከሌለች በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ይገኛል። ነጥቡ እየቀነሰ ከሄደ ለቃሚዋ ሥራ ጀምራለች ማለት ነው።»

ቤት ከገባች በኋላ የእትዬ ዘመን ሆነ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እትዬ ቴርሞሜትር ገዝታ ኪሷ ውስጥ ከተተች። ጠዋት ትለካታለች፣ ምሳ ሰዓት ትለካታለች፣ ደረጃ ላይ ስታገኛት ሳትቀር ግንባሯን ትዳስሳለች። አንድ ቀን ከሱቋ በሩጫ መጥታ እጇን እህቷ ግንባር ላይ አሳረፈችና «ወይ ጉዴ! አተኩሷታል!» ብላ ጮኸች። ቴርሞሜትሩ ሲገባ ሽንሽን ምንም የላትም። ለካስ እትዬ ሸሚዝ ስትተኩስ ቆይታ መዳፏ ነው የጋለው።

«እትዬ» አለ ጎሚስታው፣ «አንቺ ተኩሰሽ መጥተሽ እሷን አተኮሳት ትያለሽ?»

እትዬ ተቀየመች፤ ግን ከዚያ ወዲህ እጇን በቀዝቃዛ ውሃ ሳትነክር አትነካትም።

የመጀመሪያው የደም ምርመራ ግን ደስ የሚል አልነበረም። ነጥቦቹ በብዛት ታይተዋል። ሐኪሙ «ገና ነው፣ አይቸኩሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው» ቢላትም፣ ሽንሽን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝምተኛ ሆነች። የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ ፔዳሉን ሳትረግጥ፣ መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ ትቆያለች። እትዬ አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ሆና አገኘቻት።

«ምነው? አመመሽ?»

«አላመመኝም። እያዳመጥኩ ነው።»

«ምኑን?»

«እንጃ። ተክለነዋል ሲሉኝ… ዘር መሬት ውስጥ ከተው አፈር ሲያለብሱት አይታይም አይደል? በቅሎ ይሁን በስብሶ ይሁን አታውቂም።» ሽንሽን ጨርቁን አጣጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። «እትዬ፣ ወንድሜን ነው የማስበው። ጉንፋን ነው ብሎ እኮ ነው የተኛው። እኔም እንዲያ ብዬ እንዳልተኛ እፈራለሁ። ደሞ ሁልጊዜ ስትፈሪ እያየሁ፣ እኔም ፈራሁ ብልሽ ምን ልትሆኚ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

እትዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንደ ልማዷ ታለቅሳለች ብላ ሽንሽን ጠበቀች። አላለቀሰችም።

«እኔ የምፈራው አንቺ የምትደብቂኝ ሲመስለኝ ነው» አለች። «ሆድ ይፍጀው ማለት ይብቃን። ያመመሽ ዕለት ንገሪኝ። የፈራሽ ዕለትም ንገሪኝ። እንዲያ ከሆነ ቴርሞሜትሩን ላንቺው እተውልሻለሁ።»

ተስማሙ። እትዬ ቴርሞሜትሩን ከኪሷ አውጥታ መርፌ መያዣው አጠገብ አስቀመጠችው፤ ለሷ ትልቅ ነገር ነበር።

ሽንሽን ቀስ በቀስ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መሰላል ግን ተከለከለች፤ መስቀሉን ለጊዜው ባሏ ያዘ፣ እሷ ከታች ሆና «ወደ ቀኝ! አይደለም፣ የኔ ቀኝ!» እያለች ታዝዛለች። ወራቱ እንዲህ እያለ አለፈ፤ ሁለተኛው የደም ምርመራ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ስስ ነጭ መጋረጃ ጠርዝ ስታጥፍ እጇ ተንቀጠቀጠ። ስፒሉ ጣቷን ወጋት። መልሶ አንቀጠቀጣት። ጥርሷ ተንቀጫቀጨ።

ቴርሞሜትሩን አነሣች። ከሠላሳ ስምንት አልፏል።

ለአንድ አፍታ «ጉንፋን ነው» የሚል ሐሳብ መጣባት። ሰፈሩ ውስጥ ጉንፋን ገብቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያስላል። ጋደም ብትል ሊተዋት ይችላል። ወንድሟም ልክ እንዲህ ብሎ እንደነበር ትዝ ሲላት ሐሳቡን ከነሥሩ ነቀለችው። መድኃኒቱን ከቦርሳዋ አውጥታ በውሃ ዋጠችና ደወለች።

«እትዬ፣ አተኮሰኝ።»

ሰው ባነጠሰ ቁጥር የምትጮኸው እትዬ አልጮኸችም። «ጫማሽን አድርጊ፣ መጣሁ» አለች፤ በቃ። የመተኮሻውን ሶኬት ነቅላ፣ ሱቋን ዘግታ፣ እህቷን ጋቢ አልብሳ ደረጃውን አወረደቻት። ጎሚስታው የአንድ ባለታክሲ ጎማ አስሮ የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቀ ነበር። ሁለቱን ሲያያቸው ነገሩ ገባው።

«ጌታዬ» አለው ባለታክሲውን፣ «ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው። ንዳው!»

ሐኪም ቤቱ ደጅ ሲደርሱ እትዬ በሩ ላይ ለቆመችው ነርስ «እህቴ ጣፊያዋ ወጥቷል፣ አተኩሷታል» አለቻት። ያን የፈራችውን ቃል ስታወጣ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ነርሷም አላስጠበቀቻቸውም። ደም ወሰዱ፣ በደም ሥሯ መድኃኒት ጀመሩላት፣ አስተኟት። ቀዶ ሐኪሙ ቆየት ብሎ ሲመጣ ሦስቱም ፊቱን አነበቡ፤ የሚነበብ ነገር አልሰጣቸውም።

«በጊዜ መጥታችኋል» አለ ብቻ። «ውጤቱን እንጠብቅ።»

በማግስቱ ትኩሳቱ በረደ። ከአፍንጫዋ የተወሰደው ናሙና ምን እንደነበር ነገራቸው፦ ሰፈሩን ሁሉ ያስነጠሰው ያው ጉንፋን። ደሟ ውስጥ ክፉው ጀርም አልተገኘም። እትዬ «ተመስገን» ብላ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ሐኪሙ። «ደምዎን በማይክሮስኮፕ አይተነዋል። ነጥቦቹ ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም። ተፈልጎ ተፈልጎ ነው አንድ የሚገኘው።»

ሽንሽን ቀና አለች። «ይህ ማለት…»

«አንድ ለቃሚ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ግን በዓይኔ ላየው እፈልጋለሁ።»

ጉንፋኑ በደንብ እስኪለቃት ጠበቁና ለሌላ ምርመራ ቀጠሯት። ከራሷ ደም ጥቂት ወስደው፣ ሴሎቹን በሙቀት ጎዳ ጎዳ አድርገው፣ በመሣሪያ የሚታይ ምልክት ጨምረው መልሰው ሰጧት። የተጎዳ ሴል እየያዘች የምታስቀረው ጣፊያ ናትና፣ ሴሎቹ የት እንደሚሰበሰቡ በፎቶ ይታያል። ሽንሽን ጠፍጣፋ አልጋ ላይ ተጋድማ፣ ከላይዋ ትልቅ ካሜራ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች።

ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ሦስቱ ተደርድረው ቆሙ። እሱ ስክሪኑን ወደነሱ አዞረው። ጣፊያዋ ድሮ የነበረችበት ቦታ ጨለማ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ሆዷ መሀል ላይ፣ ትንንሽ የሚያበሩ ጠቃጠቆዎች እንደተበተነ ምስር ተሰብስበው ይታያሉ።

«እነዚህ ናቸው» አለ ሐኪሙ በጣቱ እያመለከተ። ዝግ ያለው ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። «ደም ገብቶባቸዋል። እየሠሩ ነው።»

ሽንሽን እጇን ዘርግታ ስክሪኑን ልትነካ ፈለገችና ተወችው። ይልቅ መዳፏን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

«በቅለዋል» አለች በሹክሹክታ።

«በቅለዋል። ግን ስሙኝ» አለ ሐኪሙ፤ «ትንሽ ጣፊያ እንደ ትልቁ አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚጠብቅዎት በእርግጠኝነት የሚነግርዎት ሰው የለም። ስለዚህ ክትባቱ በየጊዜው ይደገማል፣ ካተኮሰዎትም ልክ እንዳሁኑ ይመጣሉ። ያለ ዘብ ከመቅረት ግን ይህ በእጅጉ ይሻላል።»

«እመጣለሁ» አለች ሽንሽን። «ምን ችግር አለው፣ መንገዱን ለምጄዋለሁ።»

ጎሚስታው ጉሮሮውን ጠረገ። ወራቱን ሙሉ የተጠራቀመበት ቀልድ ፊቱ ላይ ይታያል። «ዶክተር» አለ፣ «ሰው ታጋሽ ሲሆን ሆደ ሰፊ ነው ይባላል። እኔ ግን እስከ ዛሬ በእውነት ሆድ የሚሰፋ ሰው አላየሁም ነበር። እርስዎ ሁለቱንም ነዎት። ሚስቴም የሙያ ባልደረባ አግኝታለች።»

ሐኪሙ ከት ብሎ ሳቀ። «ስፌቴን አይተው ይፍረዱ» አለ ወደ ሽንሽን ዞሮ። እሷም ጠባሳዋን በልብሷ ላይ በጣቷ ተከትላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሰበችና «ለጀማሪ መጥፎ አይደለም» አለች።

ወጥተው ኮሪደሩን አቋርጠው፣ የግቢውን በር አልፈው፣ ፀሐይ ያለበት አስፋልት ዳር ደረሱ። አንድ ባለሱቅ ጃንጥላውን ዘርግቶ ለስላሳ በሚሸጥበት ጥግ ላይ እትዬ ድንገት ቆመች። ሽንሽን ደነገጠች።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ራበኝ» አለች እትዬ። እሷም ራሷ የተገረመች ትመስላለች። «ኧረ እንዴት ነው የራበኝ! አንጀቴ ሊበጠስ ነው።»

ከመንገዱ ማዶ ዳቦ በእንቁላል የሚሠራ ጠባብ ቤት ነበር። ገብተው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ጎሚስታው ለሦስቱም አዘዘ። እትዬ የራሷን እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ ጨርሳ፣ ሌላ እንዲመጣላት ጠየቀች፤ እሱ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ከእህቷ ሳህን ላይ ቆረሰች፣ ሽንሽንም ሳህኑን ወደሷ ገፋ አደረገችላት።